ከበሩ ኋላ የቆመው ሰሌን

የእህቴን ባል በመዝገብ ስሙ የሚጠራው የጀልባ ፈቃድ የሰጠው መሥሪያ ቤት ብቻ ነው። ሌላው ሰው ሁሉ «አረፋ» ይለዋል። ስሙ ከየት እንደ መጣ የጠየቁት እንደሆነ ይስቅና «ዋርሳዬን ጠይቋት፤ ትንሽ ብትጨምርበትም ትነግራችኋለች» ይላል። ዋርሳው እኔ ነኝ። ሐይቁ ዳር ባለው የውሃ ላቦራቶሪ ናሙና ቀጂ ነኝ፤ ስለዚህ የምጨምረው ነገር የለኝም። የታሪኩ ማስረጃ ሁለት ዓመት ተኩል ሙሉ በጠርሙስ እየታሸገ በእጄ አልፏል።

አረፋ ረጅምና ቀጭን ነው፤ ካልቆመ ጀልባ መንዳት አይሆንለትም። በአንድ እጁ መሪውን ይይዛል፣ በሌላው ፀጉሩን ያበጥራል፣ በአፉ ደግሞ ይዘፍናል። አለቃዬ አንድ ቀን በመስኮት ሰምተውት «ሞተሩ ተበላሸበት እንዴ?» ብለው ጠይቀውኛል። ከእኛ ዳር ወደ ማዶ ዱቄት፣ ምስማር፣ ሳሙና፣ ለማዶው ወፍጮ ቤት ደግሞ ናፍጣ ያመላልሳል። ከድምፁ ይልቅ የሚኮራው ግን በአፍንጫው ነው። አፍንጫው ትልቅ ነው፤ እሱም አይክድም። ናፍጣ ላይ ላምባ የተቀላቀለበት እንደሆነ የበርሜሉን ክዳን ከፍቶ አንዴ ካሸተተ ይበቃዋል። ነጋዴዎቹም ያምኑታል። «ይቺ አፍንጫ ተሳስታ አታውቅም» ይላል፣ ጫፏን በጣቱ መታ መታ እያደረገ።

እናታችን ሰሌን ሠሪ ናት። ሰሌኑን የምትሠራው ሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ፊላ ነው። ሐይቁ ወደ ውስጥ ገባ የሚልበትና ፊላው ጥቅጥቅ ያለበት ጥግ ከልጅነታችን ጀምሮ «የእማዬ ጓዳ» ነው የሚባለው፤ ጎረቤት ሁሉ እንደዚያ ይለዋል። በቤታችን እያንዳንዱ ሰው የራሱ ሰሌን አለው፤ ጠርዙ ላይ ቀለም የተነከረ ክር ይሄድበታል። የእኔ ቀይ ነው፣ የእህቴ አረንጓዴ። አረፋ እህቴን ያገባ ጊዜ እማዬ ሰማያዊ ጠርዝ ያለው ሠርታ «ያንተ ቦታ ይኸው» ብላ ዘረጋችለት። እሱ እናቱንም አባቱንም በልጅነቱ ያጣ፣ በዘመድ ቤት ሲዞር ያደገ ሰው ነው። ያን ሰሌን እንዴት እንደ ወደደው! ሳሎናችን ውስጥ አራት ወንበር ባዶ እያለ እሱ ሰሌኑ ላይ እግሩን አጥፎ ይቀመጥ ነበር።

እንግዲህ በበጋ፣ ነፋስ እንኳ በሌለበት አንድ ረፋድ ላይ አንድ በርሜል ናፍጣና አምስት ካርቶን የዱቄት ሳሙና ጭኖ ወጣ። ከመነሳቱ በፊት የናፍጣው ባለቤት «ቀላቅለውብኝ እንዳይሆን እስቲ እይልኝ» ቢለው ከፈተ፣ አሸተተ፣ «ጥርት ያለ ነው፣ አትስጋ» አለ። ከዚያ ክዳኑን በጣቱ ዞር አድርጎ ተወው። በቁልፍ ማጥበቅ ነበረበት። ቁልፉ ደግሞ ሩቅ አልነበረም፤ ኪሱ ውስጥ፣ ከማበጠሪያው ጎን ነበር።

የእማዬ ጓዳ ጋ ሲደርስ ዘፈኑ ከፍ ያለበት ቦታ ላይ ነበርና በአንድ እጁ ጀልባውን ጠመዘዘው። በርሜሉ ተንከባሎ ጎኑን ጀልባው ጠርዝ ላይ አሳረፈ። ክዳኑ ወለቀ። አረፋ ዘፈኑን አቋርጦ፣ ተንሸራቶ፣ ተነስቶ በርሜሉን እስኪያቆመው ድረስ ግማሹ ሐይቁ ውስጥ ገብቷል። መቶ ሊትር ማለት ነው። ውሃው ወዲያው የቀስተ ደመና ቀለም ለበሰና ወደ ፊላው መሄድ ጀመረ።

የደነገጠ ሰው እጁ የሚሄደው በቅርቡ ወዳለው ነገር ነው፤ ለአረፋ ቅርብ የነበረው ሳሙናው ነው። ቅባት የነካውን ሳህን ሳሙና ያስለቅቀው የለም? ሐይቁም ሳህን መሰለው። ሁለት ካርቶን ቀዶ በተነው፣ በመቅዘፊያው አማሰለው፣ አልበቃ ቢለው ሞተሩን አስነስቶ አምስት ጊዜ ዞረበት። አረፋው እስከ ጉልበቱ መጣ። ቀስተ ደመናው ግን ጠፋ! እሱም ደስ አለውና እጁን በዚያው ታጠበ፣ ፀጉሩን አበጠረ፣ ጉዞውን ቀጠለ።

ይሄን ሁሉ የነገረን በኋላ ነው። በዕለቱ ያየሁት ለምሳ ሲመጣ ነው፤ እንደዚያ ቀን ንጹሕ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ሳሙና ሳሙና ይሸታል። እማዬም ጠዋት ከወጣችበት ተመልሳ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ እርጥብ ሆኖ ተቀምጣለች።

«ሐይቁ እንዴት ዋለ?» አለችው።

«ሰላም ነው እማማ። ንጹሕ ነው፤ መስታወት በሉት» አላት።

እማዬ እሱ እጁን ሊታጠብ ሲወጣ ጠብቃ ሰማያዊውን ሰሌን ጠቀለለችው፣ በገመድ አሰረችው፣ ወስዳ ከበሩ ኋላ አቆመችው። ሲመለስ ቦታው ላይ ባዶ ሲሚንቶ ጠበቀው። አንድ ጊዜ ሲሚንቶውን፣ አንድ ጊዜ በሩን አየ። እህቴ ግራ ገብቷት ከጓሮ ባዶ የቀለም ቆርቆሮ አምጥታ ደፋችለትና «ለዛሬ እዚህ ላይ ሁን» አለችው። ያ «ዛሬ» ሁለት ዓመት ተኩል ፈጀ።

በማግስቱ ጉዱ ፈላ። ነፋሱ ተነስቶ አረፋውን ዳር አውጥቶ ከመረው፤ ትንንሽ ዓሦች ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፈፉ፤ ወፍጮ ቤቱ ግማሽ በርሜል፣ ባለ ሱቁ ሁለት ካርቶን ጎደለብኝ ብለው መጡ። አረፋ ከዚያ ወዲያ አልተከራከረም፤ እግሩን እየጎተተ ላቦራቶሪያችን መጥቶ ሁሉንም ዘረገፈው። አለቃዬ ቁጣ የማያውቁ ሰው ናቸው። ቢቆጡት ይሻለው ነበር፤ እሳቸው ግን ወንበር ስበው አስቀመጡትና እንደ ተማሪ ያስረዱት ጀመር።

«ባትነካው ኖሮ» አሉት፣ «ቀለል ቀለል ያለውን ፀሐይና ነፋስ በጥቂት ቀን ያተኑልህ ነበር። የቀረው ከላይ ተንሳፍፎ ዳር ይወጣ ነበር። ከላይ ያለ ነገር ይታፈሳል፤ በገለባም በጨርቅም ይለቀማል። አንተ ግን በሳሙና ሰባበርከውና ብናኝ አደረግኸው። አሁን ውሃው ውስጥ ካለው ደቃቅ አፈር ጋር ተጣብቆ ቁልቁል ይወርዳል።»

«ታዲያ ወርዶ አይቀርም?» አለ አረፋ፣ ተስፋ አድርጎ።

«ወርዶ ይቀራል! ችግሩ እሱ አይደል እንዴ? የእኛ ሐይቅ እንደ ባሕር አይደለም። መውጫው አንዲት ጠባብ ወንዝ ናት። የገባበት እንግዳ ቶሎ አይወጣለትም።»

አረፋ አፍንጫውን አሻሸ።

በዚህ ታሪክ የምስቀው በእሱ ብቻ ቢሆን ደስ ባለኝ፤ ግን የራሴም አለበት። አለቃዬ ለሥልጠና ወር ሊቆዩ በሄዱበት ጊዜ ናሙናውን የምቀዳውም የምጽፈውም እኔ ነበርኩ። ከወደቡ ጫፍ፣ ከሐይቁ መሐል፣ ከጓዳው ፊት ለፊት፣ ክንዴን እስከ ክርኔ እያጠለቅሁ ጠርሙስ ሞላሁ። በሦስተኛው ሳምንት ማሽኑ ምንም አላገኘም። «የናፍጣ ምልክት አልተገኘም» ብዬ ጽፌ ማኅተሙን መታሁበት። አረፋ አንድ ቅጂ ለመነኝና በፕላስቲክ አድርጎ ወደ እማዬ በረረ። እኔም ተከተልኩት፤ ምስጋናው እንዳያመልጠኝ ነው።

እማዬ መነጽሯን ስላጣችው እኔ አነበብኩላት። እንደ ዜና አንባቢ ድምፄን አሳምሬ ነው ያነበብኩት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና ምርኩዟን አንስታ «ተነሱ» አለች።

ጓዳዋ ጋ ስንደርስ ጫማዋን አውልቃ ገባች። ምርኩዙን ጭቃው ውስጥ ተከለችው፣ አዞረችው፣ ነቀለችው። መጀመሪያ የውሃ አረፋ ቡልቅ ቡልቅ አለ፤ ቀጥሎ የሳህን ያህል ቀስተ ደመና ወጥቶ በውሃው ላይ ተዘረጋ። ሽታው አፍንጫዬን መታኝ።

«እኔ ሰሌን የምሠራው ከውሃ ነው እንዴ?» አለችኝ። «ፊላ የሚበቅለው ከጭቃ ነው። ጭቃውን ወረቀትሽ ላይ የት ጋ ነው የጻፍሽው?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ፤ እዚያ ያለው መሬት ግን ናፍጣ ያለበት ጭቃ ነው። አረፋ «እማማ...» ብሎ ሲጀምር «አንተን አላነጋገርኩም» አለችው። ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

አለቃዬ ተመልሰው ሲሰሙ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «እናትሽን እንቅጠርና አንቺ ሰሌን ሥሪ» አሉኝ። ከዚያ ከእኔ ጋር ወርደው ጭቃውን በረጅም ቱቦ አስወጥተው አዩት፤ እማዬንም እዚያው ዳር አገኟት። ናፍጣን የሚበሉ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት አሉ አሏት። አየር ካገኙ በደንብ ይበሉታል፤ ጭቃው ውስጥ ግን አየር የለም፤ ስለዚህ ናፍጣው ተኝቷል። ቆፍረን እናውጣው ብንል ተነስቶ ሐይቁን ሁሉ ይበክላል።

«ታዲያ ዝም ብለን ልናየው ነው?» አለች እማዬ።

«ፊላው ይሠራልናል። ግንዱ ውስጡ ባዶ ነው፣ እንደ ቧንቧ። አየር ከላይ ስቦ ሥሩ ድረስ ያወርዳል። ሥሩ አካባቢ ያሉት ነፍሳት በዚያ እየተነፈሱ ይበሉታል። ብቻ ይሄን ጥግ የሚያጭደው ሰው መኖር የለበትም።»

«እስከ መቼ?»

«ጭቃው እስኪነግረን ድረስ።»

እማዬ ሠላሳ ዓመት ያጨደችውን ፊላ አየች፣ አየችና «እሺ» አለች።  አረፋ ደግሞ ከኋላችን ቆሞ መሬት መሬት ያያል።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የእሱ ሥራ ተለወጠ። ማንም ሳያዘው፣ ከማዶ ሲመለስ ከዚያኛው ዳር ፊላ አጭዶ ጀልባ ሙሉ ያመጣል፤ ተሸክሞ እማዬ ደጃፍ ይከምራል። እሷም «እዚያ ጋ አድርገው» ትለዋለች። የመጀመሪያውን ስድስት ወር ከእሷ የሰማው ቃል ይሄ ብቻ ነው ብል አላጋነንኩም። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ እኔን ለጭቃ ናሙና ወደ ጓዳው ይወስደኛል፤ የሞተሩ ነዳጅ ናሙናውን እንዳያበላሽብን በመቅዘፊያ ነው የምንሄደው። ስለ ሥራዬ ከብዙ ባልደረቦቼ ይልቅ እሱ አወቀ። ማሽኑ ቁጥር ሲያወጣ ከአለቃዬ በፊት እሱ ነው የሚጠይቀኝ። ቁጥሩ ወርዶ ከሆነ ይዘፍናል፤ ወጥቶ ከሆነ ዝም ብሎ ይቀዝፋል። ለጆሮዬ የሚሻለኝ ሁለተኛው ነበር፤ ለሆዴ ግን አይደለም።

ቤት ውስጥ ቆርቆሮው ሱሪው ላይ ክብ ምልክት አወጣበት። እህቴ ትራስ ሰፋችለት፤ እማዬ ትራሱን ለድመቷ ሰጠችው። ሴት ልጅ ተወለደችላቸው፤ ልጅቷ ገና ሳትድህ ጠርዙ ቢጫ የሆነ ሰሌን ተሠራላት። አባቷ ከቆርቆሮው ላይ ሆኖ ቁልቁል ያያታል። ልጅቷ መራመድ ስትጀምር መጀመሪያ የሄደችው በቀጥታ ወደ በሩ ኋላ ነው፤ ሰማያዊውን ጥቅልል በሁለት እጇ ይዛ ስትጎትት ሁላችንም ወደ እማዬ ዞርን። እማዬ አንስታ አቀፈቻትና ጥቅልሉን ቀጥ አድርጋ መለሰችው።

በዚያው ሳምንት ጀልባ ላይ «ዋርሳዬ» አለኝ፣ ሳይዘፍን። «መቀመጫ አጣሁ ብዬ እንዳይመስልሽ። ቆርቆሮውን ለምጄዋለሁ። የቤት ሰው መሆኔን ነው ያጣሁት። ይሄ ጓዳ ካልጸዳ የሚመለስልኝ አይመስለኝም።»

 «ይጸዳል» አልኩት። ከዚያ በኋላ ስለ ጭቃው ቁጥር እኔም እንደ እሱ መጨነቅ ጀመርኩ።

ሦስተኛው በጋ ሲገባ ቁጥሩ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። አለቃዬ «እንግዲህ እናትሽ ይሞክሩት» አሉ። እማዬ ከጓዳዋ አንድ ክንድ ፊላ አጨደች፤ ከውሃው በላይ ነው ያጨደችው፤ ድሮም እንደዚያ ነው የምታጭደው፤ ለምን እንደሆነ ባታውቅም እናቷ ከውሃ በታች እንዳትቆርጥ አስተምራታለች። ካደረቀችው በኋላ የበር መርገጫ የምታህል ትንሽ ሰሌን ሠራች። እማዬ ሰሌን የምትፈትንበት የራሷ መንገድ አላት፦ ውሃ ውስጥ ትነክረውና ቀትር ላይ ፀሐይ ታሰጣዋለች። እንፋሎት ሲያወጣ የተደበቀ ሽታ ሁሉ አብሮ ይወጣል። ሽታ ከሌለው ጓዳው ይከፈታል፤ እሷም ከማዶ በሚመጣ ፊላ መሥራቷ ያበቃል። አረፋ ደግሞ የሚጠብቀውን ሁላችንም እናውቃለን።

ግቢው ውስጥ ተሰበሰብን። መጀመሪያ እህቴ ተንበርክካ አሸተተች። «ምንም የለውም!» አለች፣ ባሏን እያየች። ቀጥዬ እኔ ተንበረከክሁ። እውነቱን ልናገርና አንዳች ነገር አፍንጫዬን የነካኝ መሰለኝ፤ ግን ናፍጣ ይሁን ፍርሃቴ ይሁን ለመለየት አልፈለግሁም። «እኔም ምንም አልሸተተኝ» አልኩ። የላቦራቶሪ ሠራተኛ እኔ ነኝ ደግሞ!

«አንተስ?» አለች እማዬ። «ያቺ የማትሳሳት አፍንጫህ ምን ትላለች?»

አረፋ ከቆርቆሮው ተነስቶ መጣ። ሲያልፍ ጠቀስኩት፤ እህቴም በክርኗ ነካ አደረገችው። አንዲት ቃል ናት የምትጠበቅበት። ተንበረከከና አፍንጫውን ሰሌኑ ላይ ተከለ። ከዳር ዳር አሸተተ፤ ተመልሶ አሸተተ። አንድ ጥግ ላይ ቆየ። ቀና ሲል ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሏል።

«ይሸታል፣ እማማ» አለ።

እህቴ ፊቷን ሸፈነች።

«የት ጋ?»

«እዚህ ጋ፣ ወደ ሥሩ በኩል ያለው ጫፍ። ትንሽ ነው፤ ግን ናፍጣ ነው። አንድ በጋ ቢጠብቅ ይሻላል። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይጸዳል ብዬ ነበር።»

እማዬ «እኔም ዛሬ ጠዋት እዚያው ጫፍ ላይ ነው የሸተተኝ» አለች።

ምርኩዟን ይዛ ወደ ቤት ገባች፤ ከበሩ ኋላ የሆነ ነገር ሲንኳኳ ሰማን። ስትወጣ ሰማያዊውን ጥቅልል በብብቷ ይዛለች።

«ያን ቀን እኔ ፊላው ውስጥ ነበርኩ» አለችው፣ ገመዱን እየፈታች። «ውሃ እስከ ጉልበቴ። ሁሉንም አይቻለሁ። ናፍጣው ከእጅህ አመለጠ፤ ከማንም እጅ ያመልጣል። ሳሙናውን ግን በእጅህ በተንከው። ምሳ ላይ ጠየቅሁህ፤ ንጹሕ ነው አልከኝ። እኔ የጠቀለልኩት ለናፍጣው አልነበረም።»

  ሁለት ዓመት ተኩል ጭቃ ስንለካ እሷ የምትለካው ሌላ ነበር። ጥቂት ቀደም ብላ ብትነግረን ምን ነበረበት ብዬ ተናደድኩ፤ ግን ብትነግረው ኖሮ ዛሬ «ይሸታል» ያለው ለእሷ ይሁን ለእውነቱ በምን እናውቅ ነበር?

ሰሌኑን ወስዳ ሳሎን ውስጥ በቦታው ዘረጋችለት። አረፋ እንባውን በእጁ ጀርባ ጠርጎ እግሩን አጥፎ ተቀመጠ። ሰሌኑ ግን ያን ያህል ጊዜ ተጠቅልሎ ቆይቶ መዘርጋት ረስቷል፤ እሱ አንዱን ጫፍ ሲጫነው ሌላኛው ብድግ ብሎ ጀርባውን በጥፊ መታው። መጀመሪያ የሳቀችው ልጅቷ ናት። ቀጥሎ እህቴ፣ እኔ፣ እማዬም ምርኩዟን ተደግፋ። አረፋ እየሳቀም እያለቀሰም ዞሮ ጫፉን ሊይዘው ሲል የለቀቀው ጫፍ ተነሳበት።

እማዬ ቆርቆሮውን ከግቢ በምርኩዟ እየገፋች አምጥታ በሚነሳው ጫፍ ላይ ደፋችበት።

«አሁን ተደላደል» አለችው። «ነገ ጠዋት ፊላ ይዘህ ና፤ ከማዶው። የጓዳው እስኪደርስ አንድ በጋ ገና አለን።»